እልም ያለው ገጠር

ንጉሡ በወረዱ ሰሞን መካነ ሰላም ያለው የእርዳታ ኮሚቴ «እህሉ በቅድሚያ እልም ላለው ገጠር ነው፤ በማመልከቻ ጠይቁ» አለ። ገብሱ በቡቃያው ደርቆ፣ ለዘር የደበቅነውን መብላት ጀምረናል። ከመንደራችን ስድስተኛ ክፍል የደረስኩት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ጻፍኩና ለሽማግሌዎቹ አነበብኩ።

«እኛ እልም ባለ ገጠር የምንኖር...»

«ቆይ» አሉ ጭቃ ሹሙ አቶ አምባቸው። «ማነው ገጠር?»

«እኛ፣ አባቴ።»

«ገጠርማ ከገደሉ ማዶ ያሉት ናቸው።»

«ወላሂ» አሉ ሼህ ሷሊህ። «ደረሳ ከከላላ ድረስ እኔ ዘንድ ቁርኣን ሊቀራ ይመጣል። ገጠር ነው የሚመጣው?»

ወይዘሮ ብርሀንነሽም ቀጠሉ። «ምራቴን ያመጣሁት ከወረኢሉ ነው። ይህን ሰምታ ጓዟን ብትጠቀልል፣ ልጄን አንተ ልታገባው ነው?»

አንገቴን ደፍቼ ሰረዝኩት። «ለከተማ ቅርብ የሆንን» ብዬ ተካሁበት።

የኮሚቴው ጸሐፊ አንብቦ «ቅርብ ከሆናችሁ ተራችሁ መጨረሻ ነው» አለኝ። ከኋላዬ የቆመው የማዶው ፈንታሁንም እንደኔው «ለከተማ ቅርብ» የሚል ወረቀት ይዞ ኖሮ፣ እሱንም መለሰው።

አብረን ስንመለስ መንገድ ላይ እጁን ያዝ አደረግኩት።

«በመሬት ክርክር የሚታመነው ድንበርተኛ ነው» አልኩት። «እናንተ ስለኛ፣ እኛ ስለናንተ ብንመሰክርስ?»

የማዶ ሽማግሌዎች አላመነቱም። ያስጻፉትን ለኛዎቹ አነበብኩ፤ «እነዚያ ሰዎች እልም ያለ ገጠር ውስጥ ናቸው። እንግዳ ሲያዩ ልጆቻቸው ይደበቃሉ። በመንገዳቸው አንዴ የሄደች በቅሎ ዳግም አትሄድበትም።»

አቶ አምባቸው ጥርሳቸውን ነክሰው ሰሙ።

«ባዶ ወረቀት አለህ?»

«አለ።»

«ጻፍ። እነሱ ዘንድ ፀሐይ እንኳ አርፍዳ ነው የምትደርሰው።»

«አዛንም ደወልም አይሰሙም በል» አሉ ሼህ ሷሊህ።

«ምራት የሚሰጣቸው የለም» አሉ ወይዘሮ ብርሀንነሽ። «እርስ በርስ ነው የሚጋቡት።»

«ይህ እንኳ ይቅር» አልኩ።

«ጻፍ» አሉኝ ሦስቱም።

ወረቀቱ ሞልቶ በጀርባው ቀጠልኩ።

በሳምንቱ እህሉ በአጋሰስ መጣ። አቶ አምባቸው ጆንያውን እያወረዱ «መንገዱ ደከመህ?» አሉት አጋሰስ ነጂውን። «ገና ነህ። ማዶ ስትሻገር ታየዋለህ።»

«ማዶ አድርሼ ነው የመጣሁት» አለ። «እነሱም እንዲሁ ብለውኛል።»

አቶ አምባቸው እንዳልሰማ ሰው ወደኔ ዞሩ።

«ና፣ ያዝ በዚህ በኩል።»