ሜምኖንን ያልሰማችው

ሜምኖን ዛሬም ዝም አለ። ፀሐይ ከአባይ ማዶ ወጥታ የድንጋዩን ጉልበት ካሞቀች ቆየች፤ ማለዳ ማለዳ ይዘምራል እየተባለ አገር የሚጎርፍለት ግዙፍ ሐውልት ግን ጭጭ ብሏል። ከሰምርኔስ እስከ ግብፅ ባሕር አቋርጠው የመጡት አሮጊቷ ትሪፋይና ለሦስተኛ ጧት ጆሯቸውን አቅንተው ቆመዋል። ጀልባቸው ቀትር ላይ ይነሳል።

ድንጋይ ጠራቢው ፓሞንት መዶሻና መሮውን ይዞ ይጠብቃል። የቦታው ልማድ የታወቀ ነው፤ የሰማ ስሙን በሐውልቱ እግር ላይ ያስቀርጻል፣ ያልሰማ ባዶ እጁን ይመለሳል።

«አክስቴ፣ ሰማሁ ብለሽ አስጽፊያ!» አለ የወንድማቸው ልጅ ዳማስ። «ድንጋዩ እንደሆነ ሸንጎ ቀርቦ አይመሰክርብሽ!»

«ዝም በል፣ ቀላማጅ! በስተርጅናዬ ልዋሽ?» ወደ ፓሞንት ዞሩ። «ያውልህ የባሌ ስም። ከአጠገቡ ጻፍልኝ።»

ከአርባ ዓመት በፊት የተቀረጸ ነው፤ «እኔ ሄርሞላዎስ ሰማሁ፤ ሚስቴን ትሪፋይናን አሰብኩ» ይላል። ፓሞንት ክው አለ። የቀረጸው ራሱ ነበር፤ የመጀመሪያ ሥራው ስለሆነ አይረሳውም። ያን ዕለት ሜምኖን ትንፍሽ አላለም።

«ምን ብዬ ልጻፍ፣ እመቤቴ?»

«ትሪፋይና መጣች፣ አልሰማችም በል።»

«ኧረ እመቤቴ! እንዲህ ተጽፎ አያውቅም። ደግሞስ ባለቤትዎ ሰምተው እርስዎ…»

ሴትዮዋ ከት ብለው ሳቁ። «እሱም አልሰማም!»

መሮው ከፓሞንት እጅ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው።

«እስኪሞት ድረስ አርባ ዓመት የሜምኖንን ድምፅ ሲያስመስልልኝ አንድ ቀን መለከት፣ አንድ ቀን በገና፤ ወይን ሲቀምስማ ወይፈን ይሆናል! አውቄ ዝም አልኩት። ሜምኖንን ብሰማ ደስ ባለኝ ነበር። ግን ያ ሰው ምድር ዳር ድረስ መጥቶ እኔን ማሰቡን ያስጻፈባትን ቃል ብቻ እንኳ ባይኔ ልያት ብዬ ነው የመጣሁት።» እንባቸው ግጥም አለ።

ፓሞንት የስንቱን ሹም፣ የስንቱን ባለቅኔ ነኝ ባይ ውሸት ጽፏል። እንዲህ ያለ ሰው ግን አይቶ አያውቅም፤ ከልቡ አደነቃቸው። ልማድ ገደል ይግባ ብሎ ተንበረከከና ከሄርሞላዎስ ስም ጎን መቅረጽ ጀመረ። «አልሰማችም» የሚለውን ሲጨርስ ቀና አለ።

«ይብቃ፣ እመቤቴ?»

ትሪፋይና ጣታቸውን በባላቸው ስም ላይ አሳረፉ።

«አይበቃም። ባሏን ግን ሰማችው በል።»

ዳማስ እንባውን ጠራረገና ጀልባው እንዲቆይላቸው ሊለምን ወደ ወንዙ ሮጠ።