ዕጣ አውጪው የታፈነበት ቀን

የማወራችሁ ነገር አንዲት ፍሬ ውሸት የለበትም፤ ካለበት ይህች ብዕር እጄ ላይ ትንደድ!

መብረቁ እያሉ የሚጠሩት የአውቶቡስ ትኬት ቢሮው የኮምፒውተር ባለሙያ፣ የትኬቶቹን ምስጢር የሚጠብቀውን ፕሮግራም በአዲስ ቀይሮ፣ ጠዋት ደረቱን ነፍቶ ገባ። እያንዳንዱ ትኬት ማንም የማይገምተው፣ እንደ ዕጣ በዘፈቀደ የሚወጣ ቁጥር ይፈልጋል። አዲሱ ፕሮግራም ግን ቁጥር ማውጣቱ ቀርቶ ትንፍሽ አልል አለ። ማተሚያው ድርቅ! ሰልፉ ከመስኮቱ ተነስቶ፣ መንገዱን አቋርጦ፣ አድማሱ ጋ ደርሶ ተጠመዘዘ።

አለቃው በሩ ላይ ቆሙ።

"እስከ ስድስት ሰዓት ካልሠራ ወደ ድሮው እመልሰዋለሁ። አንተም ሻንጣ ክፍል ትገባለህ።"

"እኔ? ሻንጣ ልሸከም?"

"ከባድ ከባዱን።"

መብረቁ እጅጌውን ሰበሰበ። ኪቦርዱ ጨሰ፤ ጣቶቹ እሳት ተፉ። ሲበረብር፣ ሲበረብር ነገሩ ወለል አለለት። ሌባ እንዳይደርስበት ብሎ ፕሮግራሙን ኮምፒውተሩ ውስጥ ባበጀው ዝግ ክፍል የቆለፈበት ራሱ ነው። የድሮው ፕሮግራም በሩ ሳይዘጋ ከዘፈቀደ ቁጥሮች ምንጭ ስንቁን ቋጥሮ ይገባ ነበር። አዲሱ ምንጩን የሚፈልገው ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ውስጥ ደግሞ ምን አለ? ባዶ ግድግዳ!

"አፍኜህ ኖሯል የኔ ጌታ!" ብሎ ጮኸና ምንጩን እዚያው ዝግ ክፍል ድረስ ሳበለት።

ወዲያው ማተሚያው እንደ አንበሳ አገሳ። ትኬት እንደ በረዶ ወረደ። ሰልፈኛው በጭብጨባ ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ፤ ሹፌሮች ጥሩምባቸውን ሲነፉ የከተማው መስኮት ሁሉ ተንቀጠቀጠ። መብረቁ ወንበር ላይ ዘሎ ወጣ።

"ሻንጣ ክፍል ይሉኛል እንዴ! የዚህ ቤት ምሰሶ ማነው? ተናገሩ!"

መስኮቱ ላይ ትኬት የምትሸጠው የሚስቱ እህት ብድግ ብላ የሱሪውን ጫፍ ሳብ አደረገችው።

"ጋሼ፣ ውረድ፤ ሰው እያየህ ነው" አለችው በቀስታ። "አንተ የነካካኸው የመለማመጃውን ማሽን ነው። ትኬት የሚያትመውን ይሄኛውን አለቃችን ቅድም ወደ ድሮው ፕሮግራም መልሰውት ነው የሠራው። ያጨበጨበም የለም። ሹፌሩ ጥሩምባ የነፋው መኪና መንገድ ዘግቶበት ነው።"