የነጣው ጫፍ

መካኒኩን ሰፈሩ «ደረቁ» ይለዋል። እሱ ስሙ የወጣለት በእጁ ያለፈ ሞተር ዘይት ስለማያንጠባጥብ ነው ብሎ ያምናል። ሚስቱ ደግሞ ጭንቅላቱን አይተው ነው ትላለች። ሁለቱም እውነት አላቸው። ሌላው መካኒክ ጓርኒሲዮን የሚባለውን ማሸጊያ አልብሶ፣ ብሎኑን አጥብቆ የሚያልፈውን የሞተር ክዳን እሱ ዙሪያውን ሲሊኮን ካልቀባው እንቅልፍ አይወስደውም። ድሮ ለሞተር ተብሎ የተሠራውን ትንሹን ቱቦ ነበር የሚገዛው። ኋላ ግን መስታወት ገጣሚዎች መስኮት ሲያሽጉበት ያየውን፣ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተውን ትልቁን ቱቦ ወደደ። ቶሎ ይደርቃል፣ ከያዘም አይለቅም። መስታወት የያዘ ብረት መያዝ ምን ያቅተዋል አለና የጋራዡን መደርደሪያ በሱ ሞላው።

ከጋራዡ ፊት ለፊት ያለው የመለዋወጫ ሱቅ የሚስቱ ታላቅ ወንድም ነው። ሰፈሩም፣ እህቱም፣ ደረቁም «ጋሼ» ነው የሚሉት። ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ፣ ዕቃ ሲሸጥ ከካርቶኑ አውጥቶ በጨርቅ ወልውሎ፣ አገላብጦ አሳይቶ የሚያስረክብ ሰው ነው። ደረቁ ከመኪና ሥር ከሚሠራበት ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ «ጋሼ፣ ካንዴላ!» ብሎ ሲጣራ፣ ጋሼ ራሱ መንገዱን ተሻግሮ ያመጣለታል። እንዲህ ሆነው ብዙ ዘመን ኖረዋል። ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጥ የመኪና ዕቃ መጥቶ ሆድና ጀርባ ያደርጋቸዋል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ነገሩ የጀመረው በሲስተር መኪና ነው። ሲስተር ክሊኒክ ውስጥ የምትሠራ ነርስ ናት። አንድ ቀን የሞተር መብራት በርቶባት፣ ትንሿ መኪናዋ ቤንዚን እንደ ውሃ እየጠጣች፣ ከኋላ ጥቁር ጭስ እየተፋች መጣች። ደረቁ ኮምፒውተሩን ሰክቶ አየና ኦክስጅን ሴንሰሩ መሞቱን ነገራት። ሥራውንስ ያውቃል፤ ይሄን የሚነጥቀው የለም።

«ይቺ ሴንሰር የሞተሩ አፍንጫ በያት» አላት። «ጭስ ማውጫው ላይ ተሰክታ ጭሱን ታሸታለች። ኦክስጅን ካነሰ ቤንዚን በዝቷል ማለት ነው። ለኮምፒውተሩ ትነግረዋለች፣ እሱም ይቀንሳል። አፍንጫዋ ሲደፈን ግን በጭፍን ያንቆረቁረዋል።»

«ጉንፋን ይዟታል በለኛ!»

«ጉንፋንማ ይለቃል፣ ሲስተር። ይቺ ዕድሜዋን ጨርሳለች፣ መቀየር ነው።»

ከጋሼ ሱቅ አዲስ ገዝቶ ገጠመላት። እግረ መንገዱን የሞተሩ ክዳን ዘይት ማልቀስ መጀመሩን አየና፣ ለሷ ስለሚያዝን ያለ ክፍያ ከፍቶ፣ ከዚያ ከመስኮቱ ሲሊኮን ጠቀም አድርጎ ቀብቶ ዘጋው። ሲስተር መርቃው ሄደች። ብዙም ሳትቆይ መብራቱ በርቶባት ተመለሰች። ሌላ ሴንሰር ከጋሼ አምጥቶ ቀየረ፣ ክዳኑንም «እስቲ ደግሜ ላጥብቀው» ብሎ እንደገና ቀባው። ይሄኛውም አልሰነበተም።

«ጋራዥህ እኮ ሁለተኛ ቤቴ ሆነ። አልጋ ልዘርጋ እንዴ?» አለች ሲስተር ስትመለስ።

ወረፋ የሚጠብቁት ሹፌሮች ሳቁ። ሳቁ ደረቁን ከጆሮው እስከ አንገቱ አቃጠለው። የሞተውን ሴንሰር ፈታ፤ ጫፉን አላየውም። የፊተኛውንም ከቁርጥራጭ ብረት መካከል ለቅሞ፣ ሁለቱን በአንድ እጁ ጨብጦ መንገዱን ተሻገረ። ሱቁ በሰው ሞልቷል። ሴንሰሮቹን ባንኮኒው ላይ ወረወራቸው።

«ፎርጅድ ነው የምትሸጥልኝ! የራስህን ቤተሰብ ትሰርቃለህ?»

ድምፁ እስከ ዋናው መንገድ ተሰማ። ጋሼ አንዱን ሴንሰር አነሳ፣ ጫፉን ወደ ብርሃኑ አዞረና ቆየት ብሎ አየው። ከዚያ ደረቁን አየው።

«ና ከውስጥ እንነጋገር» አለ፣ ዝቅ ብሎ።

«ምን ከውስጥ? ከውስጥ የሚንሾካሾክ ሌባ ነው! እዚሁ፣ ሰው ፊት ተናገር!»

ጋሼ ሊናገር አፉን ከፈተ። ዙሪያውን የቆሙትን ደንበኞች አየና መልሶ ዘጋው። ደረቁ ይሄን ዝምታ እንደ ጥፋተኛ ቃል ቆጠረው፤ ደረቱን ነፍቶ ወጣ።

ወሬ እግር አለው፣ ያውም ፈጣን። ሹፌሮቹ ዕቃ ከሌላ ቦታ መግዛት ጀመሩ። ጋሼ ቀኑን ሙሉ ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ ማንም የማይጠይቀውን ካርቶን አቧራ ያራግፋል። ከመንገዱ ማዶ ሰላምታ ቢሰጥም ደረቁ ፊቱን ያዞራል። ቤት ውስጥ ሚስቱ «እራት ቀርቧል» ከማለት በቀር ቃል አትተነፍስም። አንድ ምሽት ግን አልቻለችም።

«ወንድሜን ሌባ ባልክበት አፍህ ምግብ ሲገባ ደስ ይልሃል?» አለችው።

በማግስቱ ጋሼ በሷ እጅ አንድ ትንሽ ቱቦ ላከለት፤ ያ ድሮ የሚጠቀምበት፣ ለሞተር የሚሆነው ሲሊኮን ነበር። ደረቁ ለምን እንደተላከለት እንኳ አልጠየቀም። «የሱ ፎርጅድ ጋራዤ አይገባም!» ብሎ ቆሻሻ ውስጥ ጣለው።

ለሲስተር መኪና ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ስም ካለው ሱቅ፣ ራሱ መርጦ ሴንሰር ገዛ። ሲገጥመው በደስታ ያፏጭ ነበር። ክዳኑንም እንደልማዱ ቀባባው። አሁን ይታያል፣ አለ በልቡ፣ ማን እንደሆነ ሌባው።

መብራቱ እንደገና በራ።

ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ሴንሰሩን ፈታና ለመጀመሪያ ጊዜ ጫፉን ወደ አምፖሉ አስጠግቶ አየው። ዱቄት የተነሰነሰበት መስሎ ነጥቷል። ደረቁ በቆመበት ደርቆ ቀረ። አብሮት ለሠራ ሰው ሁሉ ሲያስተምር የኖረው እሱ ራሱ ነው፤ ጫፉ ከጠቆረ ቤንዚን በዝቷል፣ ቡናማ ከሆነ ዘይት ነክቶታል፣ ከነጣ ግን ሲሊኮን ነው። የሲሊኮኑ ትነት ሞተሩ በሚተነፍስበት ቱቦ ይገባና ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል፤ ከጭሱ ጋር ሲወጣ ነጭ አመድ ሆኖ አፍንጫዋን ይደፍናታል። ይሄን ሁሉ ያውቃል። ዕውቀት አልነበረም የጎደለው። ሰውየው ሌባ ነው ብሎ ስለቆረጠ ጫፉን አገላብጦ ማየት ሞቱ ሆኖበት ነው እንጂ። ጣቶቹን ሲያሸት ኮምጣጤው ዛሬም አልለቀቀውም። ሐፍረት ከእግሩ ጀምሮ ወጣበት፤ ጉድጓዱ ጠልቆ ቢውጠው በወደደ።

ከላይ ሲስተር አጎንብሳ አየችው። «ይሄም ፎርጅድ ነው እንዴ?»

«ምን ይደረግ፣ ሲስተር» አለ። «ዘመኑ ነው።»

ቃሉ ካፉ ከወጣ በኋላ ነው ያለውን የሰማው። አሁንም ሌላ ንጹሕ ባለሱቅ መስደቡ ነው። ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም።

አመሻሹ ላይ ጋሼ የሱቁን መዝጊያ ወደታች ሲያወርድ፣ ደረቁ ግራ ቀኝ አይቶ፣ መንገዱ ከሰው ሲጸዳ ጠብቆ፣ ጎንበስ ብሎ ከሥሩ ገባ። ሴንሰሩን ባንኮኒው ላይ አሁን ቀስ ብሎ አስቀመጠው።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ። የመስኮት ሲሊኮን ነው የምቀባው። እኔ ነኝ የገደልኳቸው።»

ጋሼ መሳቢያውን ሳበ። የተወረወሩበት ሁለቱ ሴንሰሮች በጨርቅ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም ጫፋቸው ነጭ ነው።

«የዚያኑ ቀን አይቼዋለሁ» አለ።

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ? ስሰድብህ ምነው አላዋረድከኝም?»

«ደንበኞችህ ቆመው ነበር። ሞተር የሚያበላሸው እሱ ነው ብዬ ብናገር በማግስቱ ማን መኪናውን ይሰጥህ ነበር? ጋራዥህ ከተዘጋ የሚራበው የእህቴ ቤት ነው። የኔ ልጆች ደርሰዋል፣ ሱቁ ቢቀዘቅዝም እችለዋለሁ። ብቻህን ልነግርህ ብዬ ነበር። አላስጠጋኸኝም። ቱቦውን ስልክልህ እንኳ ይገባሃል ብዬ ነበር።»

«ይቅር በለኝ» አለ ደረቁ። እግሩ ላይ ሊወድቅ ሲል ጋሼ ትከሻውን ያዘው።

«በቃ፣ አለፈ። ያንን ሲሊኮን ጣለው፣ የቀባኸውን መኪና እየጠራህ አጽዳ። ለሰው አትናገር፤ እንጀራህ ነው።»

ለሰው አትናገር ሲባል ደረቁን እፎይታ ተሰማው። ያ እፎይታ ነው ከሁሉ ይልቅ ያሳፈረው። ሲወጣም ተጎንብሶ፣ ያየው ሰው እንዳይኖር ግራ ቀኝ እየቃኘ ነበር። የሰደበው እኩለ ቀን፣ ሰው ፊት ነው። ይቅርታ የጠየቀው ግን ተዘግቶ፣ በሹክሹክታ፣ ልክ ሌቦች ያደርጋሉ ባለው መንገድ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ አደረ።

በማግስቱ ጋራዡ በሹፌሮች በተሞላ ሰዓት፣ ሲስተርም መኪናዋን ልትወስድ በመጣችበት፣ የነጣውን ሴንሰር ይዞ መንገዱን ተሻገረ። ሌላ ጠብ መጣ ብለው ሹፌሮቹ እየተጠቃቀሱ ተከተሉት። ባንኮኒው ጋ ሲደርስ ያ ግድግዳ የሚሰነጥቅ ድምፁ ሰለለበት።

«ጥፋቱ... ከዕቃው አልነበረም» አለ፣ ለራሱ ብቻ እንደሚናገር።

ሽማግሌው ባለታክሲ መዳፉን ጆሮው ላይ ደቀነ። «ምን አልክ? የዛን ቀን እኮ ከዋናው መንገድ ሆነን ሰምተንህ ነበር!»

ሰዉ ሳቀ። «ተወው፣ እኔ ሰምቼዋለሁ» አለ ጋሼ ቶሎ ብሎ። «ሂድ ወደ ሥራህ።»

ደረቁ ለመሄድ አንድ እግሩን አንስቶ ነበር። ከዚያ ጀርባውን ለባንኮኒው ሰጠና ወደ ሰዉ ዞረ። ላቡ ፊቱ ላይ ይወርዳል። ሴንሰሩን ነጭ ጫፉ እንዲታይ ከፍ አደረገው።

«የጋሼ ዕቃ ኦሪጅናል ነው! ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ሌባ ያልኩትም በሐሰት ነው!» አለ። ቀጥሎ ሲስተርን ዓይን ዓይኗን አያት። «ዘመኑ አይደለም፣ ሲስተር። እኔ ነኝ።»

ይሄኛውን ከመንገዱ ማዶ፣ ምሳውን ይዛ ጋራዡ በር ላይ የቆመችው ሚስቱም ሰማችው።