ዓይን ሠዓሊዋ አዊኖ

አዊኖ በናይሮቢ ሚኒባሶች ላይ የዝነኞችን ፊት የሚሥል ጋራዥ ውስጥ ሦስት ዓመት ሠርታ የሣለችው ዓይን ብቻ ነው። ሌላውን ሁሉ አለቃዋ ኪሎንዞ ሠርቶ ይፈርምበታል።

"ባባ፣ ሙሉ ፊትም ያስተምሩኝ" ስትል አለቃዋን ለመነችው።

"እንዳንቺ ዓይን የሚሥል የለም! ምን ጎደለሽ?"

አለቃ ሲያሞግስ ጠርጥሩ፤ እሷ ግን በሙገሳው ኮራች።

አንድ ቀን የማዶው ጋራዥ ባለቤት፣ "ሙሉ ፊት ሥለሽ አሳዪኝ፤ በስምሽ ትፈርሚያለሽ" አለቻት። በደስታ ሄደች። ዓይኖቹን አሳምራ ሣለች፤ አፍንጫው ላይ ግን እጇ እምቢ አላት። ሣለች፣ ጠረገች፣ ደግማ ሣለች።

"የኔ ልጅ፣ ዓይኑስ አለ፤ ሰውየው የታለ?" አለች ሴትዮዋ።

አዊኖ ወደ ኪሎንዞ ተመለሰች። እሱ ቀና ብሎም አላያት።

"ሰማያዊዋ መኪና ዓይን ትጠብቃለች" አላት።

ብሩሿን አነሳች።