ድንበርተኛው ሳይጠየቅ

ናጂሃ የእናቷን ቤት ለከተማ አስተዳደሩ ስትሸጥ ድንበርተኛውን መጠየቅ ረሳች። ሽያጩን ያበላሸው ይኸው ብቻ ነው። በዋጋው ተስማምተዋል፤ ቦታው ተለክቷል፤ የእናቷ ውክልና በእጇ ነው፤ የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎችም ቤቱን ዞረው አይተው ወደውታል። የቀረው አጥር የሚጋሩት ጎረቤቶች ቀርበው «ድንበራችን ሰላም ነው» ብለው መፈረማቸው ነበር። በታች በኩል ያለችው ጎረቤት ፈረመች። በላይ በኩል ያሉት መሪጌታ ይርሳው ግን ብዕሩን ተቀብለው ትንሽ አገላበጡና መልሰው ለናጂሃ ሰጧት።

«ዓይኔ ደክሟል» አሉ።

መሪጌታ ይርሳው ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ከወንዝ ማዶ የቆመ በሬ የማን እንደሆነ ይለያል። ቡሬ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም።

«ምን አድርገሻቸው ነው?» አላት ተስፋው፣ ከግቢው እንደወጡ። ተስፋው የማዘጋጃ ቤቱ ባለሙያ ነው፤ ከናጂሃ ጋር አንድ ክፍል ተምሮ ያደገ።

«ምንም!»

«በእኛ አገር ምንም አለማድረግ ትልቅ በደል ነው፣ ናጂ።»

«ተረትህን ትተህ መፍትሔ ንገረኝ።»

«መፍትሔው እሳቸው ናቸው። ሰኔ ሠላሳ በጀቱ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ብሩ ወደ ላይ ይመለሳል፤ ለከርሞ ይምጣ አይምጣ ደግሞ እኔም አላውቅ፣ አለቃዬም አያውቅ።»

ከተማው ቤቱን የፈለገው ከጤና ጣቢያው ጋር አጥር ለአጥር ስለሆነ ነው። የእናቶች ማቆያ ሊያደርገው ነው፤ ከገጠር የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ምጥ መንገድ ላይ እንዳይዛቸው ቀናቸው ሳይደርስ መጥተው የሚሰነብቱበት። የናጂሃ እናት ራዲያ ቤቱን ለመጠጥ ቤት የፈለገውንም፣ ለእህል መጋዘን የፈለገውንም ነጋዴ አሰናብታ ለዚህ ግን ወዲያው እሺ ብላለች። ናጂሃም ቸኩላለች። ከሐምሌ መጀመሪያ ፍኖተ ሰላም ሥራ ትገባለች፤ እናቷን ደግሞ በታመመ ጉልበቷ በዚህ ዳገት ግቢ ብቻዋን ጥላት መሄድ አትችልም። ራዲያ በበኩሏ ቤቱ ሳይሸጥ ንቅንቅ አልልም ብላለች። የቆለፉት ቤት የአይጥ ነው ባይ ናት።

ራዲያ ይህ ሁሉ ሲሆን ለጉልበቷ ሕክምና ፍኖተ ሰላም፣ ልጇ ሚፍታህ ዘንድ ነበረች። ስትመለስ ገና ከአውቶቡሱ ወርዳ ሻሿን ሳታወልቅ ጠየቀች።

«መሪጌታ ምን አሉሽ?»

«ዓይኔ ደክሟል አሉ። ቀልደኛ ናቸው።»

«ስለ ፊርማው አይደለም። ቤቱን ይወስዱታል ወይ ብለሽ ስትጠይቂያቸው ምን አሉ?»

ናጂሃ የእናቷን ቦርሳ እንደያዘች ቆመች። «እሱን አልጠየቅሁም።»

ራዲያ በርበሬ የሞላ ጆንያ ላይ ተቀመጠች። በርበሬ ነጋዴ ናት፤ የቤቱ ግድግዳ ሳይቀር በርበሬ በርበሬ ይላል፤ እንግዳ ከገባ ሰላምታውን ሳይጨርስ ያስነጥሰዋል። ለልጇ ጎረቤት ጠይቂ ብላ አለማስጠንቀቋ ስለረሳች አልነበረም። ለቅሶ ቤት ስትገቢ አትሳቂ ተብሎ ማን ይመከራል? ቤት የሚሸጥ ሰው ከሁሉ በፊት ድንበርተኛው ደጅ ይሄዳል። ልሸጥ ነው፣ ትወስደዋለህ? ይላል። ጎረቤት ከወሰደው ወሰደው፤ ካልወሰደው ይባርክልህ ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ለፈለጉት መሸጥ ነው። ክርስቲያኑም እስላሙም እንዲሁ ነው የሚያደርገው።

«እማ፣ መሪጌታ በምን አቅማቸው ይገዛሉ? የራሳቸው ጣሪያ እንኳ ያፈሳል!»

«ይገዛሉ ያለሽ ማን ነው? ይጠየቃሉ ነው ያልሁሽ።»

«የማይገዛን ሰው መጠየቅ ጊዜ ማባከን ነው።»

«አንቺ ባል ብታገቢ እንደማልከለክልሽ ታውቂያለሽ። ታዲያ ሳትነግሪኝ ሻንጣሽን ይዘሽ ልትሄጂ ነው?»

«እሱ ሌላ።»

«እሱ ራሱ ነው።»

ናጂሃ ነገር ሲያድር አትወድም። ያንኑ ዕለት በአጥሩ መሹለኪያ አልፋ መሪጌታ ዘንድ ገባች። ይቅርታ ጠየቀች፤ ቀጥላም «ቤቱን ይገዙታል ወይ?» አለች፣ መልሱን እንደምታውቀው ሁሉ ፈጠን ብላ። መሪጌታ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ልጅቱ ከተዳረች ወዲያ ነው ሽማግሌ የሚላከው፣ ልጄ?»

«እንግዲህ ምን ላድርግ?»

«ምንም። ጤና ይስጥልኝ። እናትሽን ሰላም በያት።»

ያደገችው እዚህ ግቢ እየተመላለሰች ነው። ለገና መሪጌታ ለራዲያ የሚልኩት ሥጋ ሳይሆን ነፍስ ያለው ዶሮ ነው፣ በራሷ ሰው እንድታሳርደው፤ ለዐረፋ ራዲያም እንዲሁ አድርጋ ትልካለች። አሁን ግን እንደ መንገደኛ ጤና ይስጥልኝ ተብላ ተሸኘች። ተናደደች። ያናደዳት ደግሞ ልክ መሆናቸው ነበር። የጠየቀቻቸው እንዲመልሱላት አልነበረም፤ እንዲፈርሙላት ነበር።

በማግስቱ ጧት ራዲያ ባጃጅ አስጠርታ ማዘጋጃ ቤት ሄደች። ናጂሃ እናቷ ይቅርታ ልትጠይቅ፣ ወይም ጊዜ ልታስጨምር መስሏት ተከተለቻት። ራዲያ የተስፋው ጠረጴዛ ፊት ተቀመጠችና ጉልበቷን እያሻሸች «ቤቱን አልሸጥሁም» አለች።

ተስፋው ናጂሃን አየ። ናጂሃ ጣሪያውን አየች።

«እማማ ራዲያ፣ አልገባኝም።»

«ልጄ በእኔ ስም የተስማማችውን አፍርሼዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ቤቱ ያልተሸጠ ቤት ነው።»

«መሪጌታን ለመለመን ከሆነ እኮ ይኸ ሁሉ አያስፈልግም። ሽማግሌ ልከን…»

«ልለምናቸው አይደለም። ልጠይቃቸው ነው። የሸጥሁትን ቤት እንዴት አድርጌ እጠይቃለሁ?»

«እሺ፣ እወስደዋለሁ ቢሉስ?»

«ይወስዱታላ!»

«እማ!» ናጂሃ መቀመጥ አቃታት። «ማቆያውስ? አንቺ አይደለሽም እንዴ ለእነዚያ ሴቶች ይሁን ያልሽው?»

«ነኝ። ልቤ አሁንም እዚያው ነው። ግን የሰው ሐቅ ይዞ ሰደቃ የለም።»

ተስፋው «እስከ ሠላሳ ከሰዓት ብሩን ለሌላ ቤት አላዞረውም» አለ። «ከዚያ ወዲያ ግን ቢለምኑኝም፣ እማማ፣ አቅሙ የለኝ።»

ከማዘጋጃ ቤት ሲመለሱ ራዲያ ልብሷን ቀየረች፤ ለኒካሕ፣ ለሠርግ የምትለብሰውን ለበሰች። ዘወትር በምትሾልክበት በአጥሩ ቀዳዳ አልሄደችም። በዋናው መንገድ ዞራ፣ ዳገቱን እያነከሰች ወጥታ፣ በመሪጌታ የውጭ በር ቆማ «እንዴት ዋላችሁ?» አለች። ናጂሃ ከኋላዋ ነበረች፤ እጇን ልትይዛት ብትሞክር እናቷ በክርኗ ገፋ አደረገቻት።

መሪጌታ ግራር ሥር ተቀምጠው ነበር። ባዩዋት ጊዜ ብድግ አሉ።

«መሪጌታ፣ ቤቴን ልሸጥ ነው። ከማንም በፊት ወደ እርስዎ መጣሁ። ይወስዱታል?»

«ለመንግሥት ሸጣለች ሲሉ ሰማሁ።»

«ልጄ ልትሸጥ ነበር። አፍርሼ መጣሁ።»

መሪጌታ ወደ ናጂሃ ዞሩ። «እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አለች ናጂሃ። ቃሉ ከጥርሷ መሐል ነው የወጣው።

«ከማንም በፊት ነው?»

«ከማንም በፊት» አለች ራዲያ። «እርስዎ ካሉ የእርስዎ ነው። እርስዎ ካላሉ ማቆያ ላደርገው ለሚል መንግሥት እሰጠዋለሁ፤ የሚወልዱ የገጠር ሴቶች ያርፉበታል።»

ሽማግሌው መሬት መሬቱን አይተው ቆዩ። ናጂሃ «አልችልም፣ ይባርክልሽ» እስኪሉ ጠበቀች፤ ነገሩ እዚያው አልቆ ለተስፋው ልትደውል እጇ ስልኳ ላይ ነበር።

«እንግዲያው ላስብበት» አሉ መሪጌታ።

በማግስቱ ግቢያቸው ጭር አለ። ተማሪዎቻቸው «ወደ ደጋው፣ ፈረስ ቤት ሄዱ፣ ወንድማቸው ገብረ ኢየሱስ ዘንድ» አሉ። ናጂሃ ወሬውን ይዛ እየሮጠች ገባች።

«ገንዘብ ሊያሰባስቡ ነው የሄዱት! እውነት ሊገዙት ነው!»

ራዲያ በርበሬ እየለቀመች ነበር። «ጠየቅናቸዋ።»

«ስልክ አላቸው እኮ። ልደውል።»

«እያሰበ ባለ ሰው ላይ ይደወላል?»

ሰኔው ማለቂያው ላይ ደርሷል። ዝናቡ ከጅጋ ወደ ፈረስ ቤት የሚወስደውን መንገድ ጭቃ አድርጎታል፤ በዚያ ወደ ደጋው መውጣት በደረቁም ፈተና ነው። ናጂሃ ጧት ማታ በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቃ ታያለች። የመሪጌታ በር እንደተዘጋ ነው። በእናቷ ተናደደች፤ ጮኸችባት፤ ደግማም ጮኸችባት። ራዲያ አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብላ «እኔስ የማልፈራ መሰልሁሽ?» አለቻት። ያኔ ነው ናጂሃ እናቷን በደንብ ያየቻት። ሶላት ባልሆነ ሰዓት የሙስበሃዋን ዶቃ ትቆጥራለች። ምሳዋን ነካክታ ትተዋለች። ቤቱ ወደ ማን እንደሚሄድ፣ ልጇ ወዴት እንደምትሄድ፣ እሷ ራሷ የት እንደምታርፍ፣ ሁሉንም በአንድ ጎረቤት አፍ ላይ አስቀምጣ ቁጭ ብላለች። ናጂሃ ዩኒቨርሲቲ ስለ ድርድር ሙሉ ኮርስ ወስዳለች፤ የሚያስፈልግህን አታሳይ፣ ሁልጊዜ መውጫ ይኑርህ ይላል። እናቷ የሚያስፈልጋትንም አሳይታ መውጫዋንም በገዛ እጇ ዘግታለች። ሞኝነት ነው አለች ናጂሃ በልቧ። ቀጥላ ደግሞ እንዲህ ያለ ድፍረት በማንም አላየሁም አለች። ሁለቱም እውነት ነበር፤ አንዱ ሌላውን እንዲያሸንፍላት አልጠበቀችም።

ሰኔ ሠላሳ ከቀትር በኋላ የውጭው በር ተንኳኳ። መሪጌታ ነበሩ። በአጥሩ ቀዳዳ አልመጡም፤ እሳቸውም በመንገዱ ዞረው ነው። ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ደርቆባቸዋል። ገብተው ተቀመጡ፤ አስነጠሳቸው። ናጂሃ ውኃ ብታቀርብላቸው በእጃቸው መለሱት።

«መጀመሪያ ነገሬን ልጨርስ» አሉ። «ራዲያ፣ ወንድሜ እሺ ብሏል። የእሱ ልጆችም አሉ። በሬም የሚሸጥ አለ፣ ባሕር ዛፍም የሚሸጥ አለ። እንችላለን።»

ናጂሃ ስልኳን አየች፤ ቢሮው ሊዘጋ ነው። ምን አለበት ዛሬ እንኳ እናቴ ብትዋሽ፣ ብላ አሰበች።

ራዲያ አልዋሸችም። ፊቷም አልተለወጠም። «አላህ ያሰንብትበዎ» አለች። «መቼ ልልቀቅልዎ?»

መሪጌታ ረዘም አድርገው አይዋት።

«አልወስደውም» አሉ።

«ምን?» አለች ናጂሃ።

«አልወስደውም ነው የምልሽ፣ ልጄ። ይባርክልሽ፣ ራዲያ። ለፈለግሽው ሽጪው።»

«ፈረስ ቤት ድረስ የሄዱት ይህን ለማለት ነው?»

«ታዲያስ?» መሪጌታ ወደ ናጂሃ ዞሩ፤ ዓይናቸው ውስጥ ሳቅ ነበር። «ሳልችል ተውሁት ብል መተው ይባላል? እሱ ማጣት ነው። እናትሽ ያላትን ይዛ ነው ደጄ የመጣችው። እኔ ባዶ እጄን ዘርግቼ ይባርክልሽ ልበላት? ችዬ ነው የተውሁት። የተውሁት ለእነዚያ ለሚወልዱት ሴቶች ነው። ያገሬ የደጋ ሴቶች ናቸው፤ የእኔም እጅ ይግባበት።»

«በስልክ ቢነግሩን…»

«በስልክ ወንድምን በሬ ሽጥልኝ ይባላል?»

ናጂሃ ሳቀች፤ ልትከለክለው ሞክራ አልቻለችም። ለሳምንት የተንገበገበችበትን፣ የከሰረውን ቀን፣ በጭቃ የተኬደውን መንገድ አሰበች። በየትኛውም ስሌት ብክነት ነው። ሁለቱን ሽማግሎች ግን ደግማ ብታያቸው፣ ብልጥ ሊሆኑ የሚችሉበትን ሰዓት እያወቁ ያለፉ ሰዎች ነበሩ፤ እሷ በሃያ ስድስት ዓመቷ አንድ እንኳ እንዲህ ያለ ሰዓት ማለፏን አታስታውስም።

«አሁን ውኃውን ስጪኝ» አሉ መሪጌታ።

«ውኃውን እዚያ ይጠጡታል!» ራዲያ ብድግ ብላለች፤ ጫማዋን በእግሯ ትፈልጋለች። «ናጂሃ፣ ምን ትገተሪያለሽ? ባጃጅ ያዢ! ለዚያ ልጅ ደውዪ፣ የሚፈርም ሰው እየመጣ ነው፣ እንዳትዘጋ በዪው! መሪጌታ፣ ይነሡ እንጂ!»

«እኔ እኮ ከፈረስ ቤት ነው የመጣሁ፣ አንቺ ሴት!»

«ባጃጁ ላይ ያርፋሉ!»

ናጂሃ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ወደ መንገዱ ሮጠች። መሪጌታ እያጉረመረሙ ዱላቸውን አነሡ። ራዲያ እስኪያልፉላት በሩ ሥር ቆመች። ከዚያ የታመመውን እግሯን አስቀድማ ወጣች፤ ከእርጥበቱ አብጦ የሚያስቸግረውን በር በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ዘጋችው።