ደህናው ዴክ

የመድረካችን ሕግ ቁጥር አንድ እንዲህ ይላል፦ «ከየት እንደመጣ የማታውቀውን የቪዲዮ ካሴት ደህናው ዴክህ ውስጥ አትክተት።» የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማንም ሳያየው እንዳያልፍ በቀይ፣ በወፍራም ፊደል፣ ከገጹ አናት ላይ ሰቅዬዋለሁ። አዲስ አባል «ገብቶኛል» ብሎ ካልጻፈ በር አይከፈትለትም። አንዴ አንድ የጥርስ ሐኪም «ገብቶኛል በቃ» ብሎ ቢጽፍ፣ «በቃ»ን አውጣና እንደገና ጻፍ ብዬ መልሼበታለሁ። እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ።

ቀን ቀን መነጽር ቤት ውስጥ መስታወት እቆርጣለሁ። ከሥራ ስወጣ ግን ካፒቴን ነኝ፤ «የመጨረሻው ወደብ» የሚባለው የድሮ የጠፈር ተከታታይ ፊልም ወዳጆች፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች፣ የሚሰባሰቡበት የኢንተርኔት መድረክ አዛዥ። ፊልሙ ሃያ ስድስት ክፍል ነበረው። የቴሌቪዥን ጣቢያው ዋናውን ቅጂ አጥፍቶ ሌላ ነገር ቀረጸበት። የተረፈው ያኔ ሰው በየቤቱ ከቴሌቪዥን የቀዳው ብቻ ነው። እኛ ከየሰው ጓዳና ቁም ሣጥን እየለቃቀምን ሃያ አምስቱን ክፍል አግኝተናል። አሥራ ዘጠነኛው የለም።

ክፍል አሥራ ስምንት የተገኘው ከእኔ ነው። እንዴት እንደተገኘ ግን መድረኩ ላይ አንስቼ አላውቅም። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ ባዶ ካሴት አጣሁና በታላቅ እህቴ የሰርግ ካሴት ላይ ቀዳሁት። ሙሽሮቹም፣ ሚዜዎቹም፣ ጭፈራውም በጠፈር መርከብ ተዋጡ። ከጫፉ አሥራ አንድ ደቂቃ ተረፈ። የክፍል አሥራ ስምንት መዝጊያ ጽሑፍ ሲያልቅ ስክሪኑ አንዴ ይንቀጠቀጥና እናታችን ብቅ ትላለች፤ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ እህቴን ከፊቷ አንበርክካ ስትመርቃት። እናታችን ከሞተች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ከዚያ ሌላ ድምፅዋ ያለበት ነገር የለንም።

እህቴ ያኔ ዓመት ሙሉ አላናገረችኝም። በኋላ ሆዷ ራራልኝና ጭራሽ ካሴቱንም «የሚያውቅበት አንተ ነህ» ብላ እኔው ዘንድ አስቀመጠችው። ዘንድሮ ደግሞ ልጇ ልታገባ ሆነ። ምርቃቱ በሰርጉ ቀን በአዳራሹ ትልቅ ስክሪን ላይ ሊታይ ተወሰነ። ከካሴት ወደ ኮምፒውተር ገልብጬ በፍላሽ ልሰጣት ቃል ከገባሁ ሦስት ወር አለፈኝ። የመድረኩ ሥራ አላፈናፍን ብሎኝ ነው። በሦስት ወሩ ውስጥ ለአባላት ስልሳ የድሮ የሳሙና ማስታወቂያ ገልብጫለሁ።

«እማዬን ገለበጥካት?» ትለኛለች በየሳምንቱ ስልክ ደውላ።

«ነገ፣ እታለም።»

«ይኼ ነገህ አያልቅም እንዴ? የሰጠሁህ እኮ እማዬን ነው፣ የጠፈር ኮተትህን አይደለም።»

«አውቃለሁ አልኩሽ እኮ።»

«ወዮልህ! ቅዳሜ ሰርግ ነው። ሐሙስ ካልደረሰልኝ እኔን አያድርገኝ በል።»

አሁን ስለ ዝምተኛው ልናገር። መድረኩ ላይ ስሙ ይኸው ነበር፤ ዝምተኛው። በወር አንዴ ቢጽፍ ነው። እጁ ግን የተባረከ ነው፤ የተበጠሰ የካሴት ክር እንደ እሱ የሚቀጥል የለም። አባላት ዴክ የበላባቸውን ካሴት በፖስታ ይልኩለታል፣ እሱ አክሞ ይመልሳል፣ ጀርባው ላይ በትንንሽ አራት ማዕዘን ፊደሎቹ ቀኑን ይጽፍበታል። የእኔንም ሁለት ካሴቶች አድኖልኛል።

ባለፈው ዓመት ስለጠፋው ክፍል ረጅም ጽሑፍ አወጣሁ። ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። ከሌሎቹ ክፍሎች ፍንጭ ለቅሜ፣ የመርከቧ ሐኪም በክፍል አሥራ ዘጠኝ እንደምትሞት አረጋገጥኩ። ሰው ሁሉ አደነቀ። በሦስተኛው ቀን ዝምተኛው አንድ መስመር ጻፈ፦ «ካፒቴን፣ አትሞትም። ልጅ ሆኜ አይቼዋለሁ።»

ሰው ሳቀ። የጥርስ ሐኪሙማ ሆዱን ይዞ የሚስቅ ምስል ለጠፈ። ደሜ ፈላ። በማግስቱ «ዝምተኛው የአባላትን ካሴት እያባዛ ሲሸጥ ተደርሶበታል» ብዬ ለጠፍኩና አባረርኩት፤ የመልእክት ሳጥኑንም ዘጋሁበት። ማንም አልደረሰበትም፤ ምንም አልሸጠም። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱም።

ከሰባት ወር በኋላ በሬ ላይ የላኪ ስም የሌለው ካርቶን አገኘሁ። ውስጡ ክፍል አራት አለ፤ ከነማስታወቂያው፣ እንደ ትናንት የጠራ። ካሴቱ ጀርባ ላይ ያሉትን ትንንሽ አራት ማዕዘን ፊደሎች ሳይ ከዝምተኛው እንደመጣ አወቅኩ። አድራሻዬን ያኔ ካሴት ስልክለት ጽፌለታለሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ መጣ፤ እኔ በወሬ ብቻ የማውቀው የሁለተኛው ዓመት ማስተዋወቂያ። አንድም የቁጣ ቃል የለበትም። ይኼ ነው ያስፈራኝ። ክፉ የዋልክበት ሰው ዝም ብሎ ስጦታ ቢያዘንብልህ ምን ትላለህ? ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው አልኩ ለራሴ። ግን ሁለቱንም አየኋቸው፤ ሁለቱንም መድረኩ ላይ በራሴ ስም ለጠፍኳቸው።

ምድር ቤት ያለችው ልብስ ሰፊ አንድ ቀን ደረጃ ላይ አስቆመችኝ።

«አንድ ግራጫ ኮፍያ ያደረገ ሰውዬ መስኮትህን ሽቅብ እያየ ቆሞ ነበር።»

«ምን አለ?»

«ምንም። ደውል እንጂ ስለው ‹ሌላ ቀን› ብሎኝ ሄደ። መልኩ ግን አላማረኝም፤ አጥንቱ ብቻ የቀረ ሰው ነው። ዕዳ አለብህ እንዴ?»

«ኧረ የለብኝም» አልኩና ወጣሁ። የዚያን ቀን የበሩን ቁልፍ ሁለት ጊዜ አዞርኩ።

ሦስተኛው ጥቅል ወረቀት ብቻ ነበር፦ «አሥራ ዘጠኝ አለኝ። ሐሙስ ጠዋት በእጄ አመጣዋለሁ።»

ከሥራዬ ታምሜያለሁ ብዬ ፈቃድ ወሰድኩ። ታዲያ ሳላየው፣ ሳልነካው፣ ረቡዕ ዕለት መድረኩ ላይ «ነገ ክፍል አሥራ ዘጠኝን በቀጥታ አሳያችኋለሁ» ብዬ ለፈፍኩ። ሐሙስ ጠዋት ስልሳ ሦስት ሰው ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብሎ ይጠብቀኝ ነበር።

አራት ሰዓት ላይ ደወሉ ጮኸ። በመጋረጃው ጥግ አጮልቄ አየሁ። ግራጫ ኮፍያ፣ ሰፊ ኮት፣ በብብቱ ካርቶን። ምን ብዬ ልክፈትለት? ዓይኑን እንዴት አድርጌ ልየው? እንደገና ደወለ። ግድግዳው ላይ ተለጥፌ ትንፋሼን ዋጥኩ። ሦስተኛም ደወለ። ከዚያ ካርቶኑን ከበሩ ሥር አስቀመጠና ወደ ኋላ ተራምዶ ቀና አለ፤ መጋረጃው ሲነቃነቅ አየው መሰለኝ። ጣቱን ቀስሮ ግራና ቀኝ ወዘወዘብኝ፤ ቀስ እያለ፣ ደጋግሞ። ሊዝትብኝ ነው የመጣው አልኩ። ግድግዳውን እየተደገፈ እስኪሄድ ድረስ አልተንቀሳቀስኩም።

ካርቶኑን ስከፍተው የምድር ቤት እርጥበት ሸተተኝ። ካሴቱ በላስቲክ ተጠቅልሏል። ላዩ ላይ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አለ። ወረቀቱን አልከፈትኩም። ስድብ ነው ብዬ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ስድብ ቢሆን እንኳ እንደሚገባኝ ስለማውቅ ነው። መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት።

ሁለት ዴክ አለኝ። አንዱ ደህናው ነው፤ ለሃያ ዓመት እንደ ዓይኔ ብሌን የጠበቅኩት። ሌላውን «ሬሳው» እለዋለሁ፤ የሚያጠራጥር ካሴት የሚሞከረው በእሱ ነው፤ ቢበላሽም አያስቆጭም። ሬሳው ቁም ሣጥኑ አናት ላይ፣ ከካርቶኖች ሥር ነበር። ማውረድና ማገናኘት አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ስክሪኑ ላይ «ካፒቴን የት ጠፋ?» «አሥራ ዘጠኝ ቀልድ ነበር እንዴ?» እያሉ ይጽፋሉ። የጥርስ ሐኪሙ ደግሞ የሚያንቀላፋ ድመት ለጠፈ።

ካሴቱን ደህናው ዴክ ውስጥ ከተትኩት።

አራት ደቂቃ እንደ ሕልም ነበር። ሠላሳ ዓመት የፈለግነው ክፍል፣ ቀለሙ ሳይደበዝዝ። ሐኪሟ አልጋ ላይ ተዘርግታለች፤ ዓይኗ ተከድኗል። «ይኸው! አላልኳችሁም?» ብዬ ጻፍኩ። ሐኪሟ ዓይኗን ገለጠች። ተነስታ ተቀመጠች። ውሃ ስጡኝ አለች።

ወዲያው ምስሉ ከዳር ጀምሮ መንጣት ያዘ። ነጩ እየሰፋ ሄዶ ሐኪሟን ዋጣት፤ ድምፁ ብቻ ቀረ፤ እሱም ታፈነ። አቁሜ ካሴቱን አወጣሁትና ክዳኑን ገልጬ ወደ ብርሃን አዞርኩት። በክሩ ጠርዝ ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ተሰልፏል። ሻጋታ። ሻጋታ ያለበት ካሴት የዴክ ሆድ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ መድረኩ ላይ አሥራ አንድ ገጽ ጽፌያለሁ። ዱቄቱ ክር አንባቢው ላይ ይጋገራል፣ ያጣብቃል፤ ዴኩ ተፈትቶ በአልኮል ታጥቦ ሳይደርቅ ሌላ ካሴት አይነካም። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ስልኩ ጮኸ።

«መንገድ ላይ ነኝ» አለች እህቴ። «የአዳራሹ ባለሙያ እስከ ስድስት ሰዓት ካላመጣችሁ አላሳይም ብሏል። ሙሽራዋም አብራኝ አለች። አለቀልህ አይደል?»

ሬሳው አሁንም ቁም ሣጥኑ ላይ ነበር። ትዝ አላለኝም ብል ውሸት ነው። ትዝ ብሎኛል፤ ግን ሬሳው ምስል ያደበዝዛል፣ ለእናቴ አይመጥንም አልኩ። አራት ደቂቃ ብቻ ነው የሠራው፣ ምን ያህል ቢያቆሽሽ ነው አልኩ።

«ሃያ ደቂቃ ስጪኝ» አልኳት።

የደህናውን ዴክ ክዳን ከፍቼ በሸሚዜ ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረግኩት። መድረኩ ላይ ይህን ያደረገ ሰው ቢኖር በአደባባይ አዋርደው ነበር። የእናቴን ካሴት ከመደርደሪያው አወረድኩ። ክፍል አሥራ ስምንትን አሳልፌ ወደ ጫፉ ወሰድኩት፤ ኮምፒውተሩን «ቅዳ» አልኩት። የመዝጊያው ጽሑፍ አለቀ። ስክሪኑ ተንቀጠቀጠ። እናቴ መጣች። ነጠብጣብ ቢኖርበትም ፊቷ ይለያል። እጇን አነሳች።

«ልጄ» አለች። «ወልደሽ ለመዳር...»

ድምፅዋ ወፈረ። ተጎተተ። እንደ ወንድ ድምፅ ሆነ፤ ከዚያ የሰው የማይመስል ድምፅ ሆነ። ከዴኩ ውስጥ ቀጨም፣ ቀጨም የሚል ነገር ተሰማ። ዴክ ካሴት ሲበላ ሶኬት ነቅለህ፣ ክዳን ከፍተህ ክሩን በጣት ታላቅቃለህ እንጂ ማውጫውን አትጫንም። ሕግ ቁጥር ሁለት ነው። እኔ ግን «እማዬ!» ብዬ ማውጫውን ተጫንኩ።

ካሴቱ ወጣ። ክሩ ውስጥ ቀረ። ስጎትተው ተበጣጠሰ፤ የቀረው እንደ ደረቀ ቅጠል ተጨማዶ፣ ነጭ ዱቄት ተለውሶበት በእጄ መጣ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ትል ነበር እናቴ፣ ስለ ሰው ስትፈርድ።

ይህን ክር መቀጠል የሚችል አንድ ሰው ነው የማውቀው። መሳቢያውን ከፍቼ ወረቀቱን ዘረጋሁት።

«ካፒቴን። ቤቴ ምድር ቤቱ ውሃ ገብቶበት ካሴቱ ሻግቷል። ደህናው ዴክህ ውስጥ እንዳትከተው፣ መጀመሪያ ይታጠብ። በቃል ልነግርህ ነው የምመጣው፤ ባትከፍትልኝ ብዬ ግን ጻፍኩት፤ መልእክት እንዳልልክልህ ዘግተኸኛል። ዛሬ ከቀትር በፊት ሆስፒታል እተኛለሁ፤ እወጣለሁ ብዬም አላስብም። ካሴቶቼን የሚጠብቅ ከአንተ ሌላ አላገኘሁም። ያ የሽያጭ ነገር ውሸት መሆኑን ብትጽፍልኝ ደስ ይለኝ ነበር። ካልሆነም ይሁን። ሐኪሟ አትሞትም።» ከሥሩ የስልክ ቁጥር አለ።

ደወልኩ። ተዘግቷል። እንደገና ደወልኩ። ያ ጣት ለምን እንደተወዘወዘ አሁን ገባኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ስክሪኑ ላይ ስልሳ ሦስቱ ሰዎች «ካፒቴን? ምን ተፈጠረ?» እያሉ ይጽፋሉ። ማንኛቸውም ሊረዱኝ አይችሉም፤ የሚችለውን አባርሬዋለሁ።

የበሩ ደወል ጮኸ። በመጋረጃው ጥግ አየሁ። እህቴ ናት፤ ከኋላዋ ሙሽራዋ፣ ፀጉሯን ለሰርጉ ተሠርታ። እህቴ ጣቷን ከደወሉ ላይ አላነሳችም።

ይህን ጊዜ ወርጄ ከፈትኩ። ክሩ ጣቶቼ ላይ እንደተጠመጠመ ነበር፤ ልብ አላለችውም። መንገዱን እየሮጡ ስለመጡ ሁለቱም ያለከልካሉ፣ ይስቃሉ። እህቴ መዳፏን ዘረጋችልኝ።

«በል» አለች፣ «እማዬን ስጠኝ።»