ጀርባዋም የተሳለ ሰይፍ

ጃፓን በጦርነቱ በተሸነፈች በዓመቱ፣ ሩዝ በሚተከልበት ወር ነው። በየቤቱ ያለ ሰይፍ ሁሉ ለፖሊስ ጣቢያ እንዲገባ ታዘዘ። ጥንታዊ የሆኑትን ግን መርማሪ አይቶ ባለቤታቸው ጋ እንዲቀሩ ወረቀት ይሰጥባቸዋል ተባለ። ካጂዋራ የሚባል የቀድሞ አምሳ አለቃ «ጣቢያው ልኮኝ ነው» እያለ በኦካያማ ተራሮች ስር ያሉትን መንደሮች ይዞር ጀመር። ከሰበሰበው ግማሹ ጣቢያው እንደማይደርስ ሁሉም ያውቃል፤ ደፍሮ የሚናገር ግን ጠፋ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ቶዋ ቤት ገባ። ቶዋ ባሏ ዕድሜውን ሙሉ ሰይፍ ሲስልና ሲወለውል ኖሮ የሞተባት ሴት ናት። የምትኖረው ከምራቷ ከሚሳኦ ጋር ነው። አንድ ልጇ፣ የሚሳኦ ባል ቶኩጂ፣ በካጂዋራ ስር ሲዋጋ ፊሊፒንስ ጫካ ውስጥ ወባ ጣለው። ካጂዋራ እዚያው ትቶት ሄደ። ይህንን የነገራቸው በሕይወት የተመለሰ ጓደኛው ነው።

ካጂዋራ ጫማውን ሳያወልቅ ምንጣፉ ላይ ወጣ።

«እማማ ቶዋ፣ እንዴት ሰነበቱ? የባልዎን ሰይፍ ልወስድ ነው የመጣሁት።»

«ነገ ለመርማሪው ላሳያት ነው።»

«ከኔ የተሻለ መርማሪ ከየት ሊያመጡ?»

ቁም ሳጥኑን በርብሮ አገኛትና ከሰገባዋ መዘዛት። እንደ ሌሎቹ ሰይፎች በአንድ ወገን ብቻ የተሳለች አልነበረችም። ጀርባዋ ከእጀታው እስከ መሃሏ ደነዝ ነው፤ ከመሃሏ እስከ ጫፏ ግን እንደ ፊቷ የተሳለ ነው። የቶዋን ባል ሁለት ጊዜ ቆርጣዋለች። ካጂዋራ ልብ ብሎ አላያትም። አየሩን ሁለቴ ቀደደባትና ጫፏን ሚሳኦ ጉሮሮ ስር አሳረፈው።

«ባልሽ ሰይፍ ሲያይ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ነግሮሻል?»

«ያንቀጠቀጠው ወባ ነው» አለች ሚሳኦ፣ አንገቷን ሳታነቃንቅ። «ጥለኸው ስትሄድም እየተንቀጠቀጠ ነበር።»

ካጂዋራ ሰይፏን ገፋ አደረጋት። ጫፉ ቆዳዋን ነካ።

«ውሰዳት!» አለች ቶዋ። «ያንተ ናት፤ ውሰዳት። ብቻ ወደ ሰገባዋ መልሳት።»

ሳቀ። በግራ እጁ የሰገባውን አፍ ጨብጦ፣ በጦር ሰራዊት እንደለመደው የሰይፏን ጀርባ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል አስደገፈ። ከዚያ ጫፏ ሰገባው አፍ እስኪደርስ እጀታዋን ወደ ፊት ይስብ ጀመር። ዓይኑ ሚሳኦ ላይ ነው። እስካሁን እጁን የዳሰሰው ደነዙ ወገን ስለነበር ምንም አልጠረጠረም።

ቶዋ አየች። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ግን አልወጣም።

«እጅህን!» ብላ ጮኸች ሚሳኦ።

ግን የተሳለውን ግማሽ በጣቶቹ መሃል ስቦ ጨርሶ ነበር። ሰይፏ ምንጣፉ ላይ ወደቀች፤ ደሙ ተከታትሎ ወረደ። ካጂዋራ ፊቱ አመድ መስሎ ቁጭ አለ። ቶዋ መቀነቷን ፈትታ እጁን ከእጅ አንጓው በላይ አጥብቃ አሰረችው።

«ታውቂ ነበር፣ አንቺ አሮጊት!»

«አውቅ ነበር። እጅህን ወደ ላይ ያዘው፤ ሐኪም ጋ ሂድ።»

ሰይፏን ሳይዝ ወጣ። ወታደር የነበረ ሰው ሰይፍ ሲከት ተቆረጠ እንዳይባል አፍሮ፣ ለመንደሩ ማጭድ ቆረጠኝ አለ። ሁለት ጣቶቹ ከዚያ ወዲያ አልታጠፉለትም።

በማግስቱ ቶዋና ሚሳኦ ሰይፏን በጨርቅ ጠቅልለው ከተማ ወረዱ። መርማሪው ብዙ አገላብጦ አያትና ወረቀቱን ጽፎ ሰጣቸው።

ሲመለሱ ግማሽ መንገድ ላይ ሚሳኦ ጠየቀቻት።

«እማዬ፣ ወደ ሰገባዋ መልሳት ያሉት ሆን ብለው ነው?»

«መጀመሪያ ካንቺ ላርቃት ብዬ ነው። በኋላ ግን...» ቶዋ ቆመች። «በኋላ ቶኩጂ ትዝ አለኝ።»

ሚሳኦ ጥቅሉን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች።

«በየወሩ ዘይት የምቀባት እኔ ነኝ፤ ጀርባዋን አውቀዋለሁ» አለች። «ቀድሜ መጮህ ስችል ዘግይቼ ነው የጮህኩት።»

ቶዋ ቀና ብላ አየቻትና መንገዷን ቀጠለች። ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩ በመካከላቸው ተነስቶ አያውቅም።